ለስላሳ ሁሉ ምቹ አይደለም፤ ከፍራሽ በላይ ስለሚደረበው የላቴክስ ንጣፍ

ሰው ከዕድሜው ሢሶውን ያህል በመኝታ እንደሚያሳልፈው የታወቀ ነው። ስልሳ ዓመት የኖረ ሰው ሃያውን ዓመት ያህል ተኝቶበታል ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን የሚሸከመን ዕቃ ምን ዐይነት እንደ ሆነ ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ወጣቱ ሠራተኛ የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ ጊዜ ስለ ጫማው ቆዳ፣ ስለ ልብሱ አሰፋፍ፣ ስለ ስልኩ ዐይነት ከወዳጆቹ ጋራ ብዙ ይመካከራል። ፍራሽ ለመግዛት ሲሄድ ግን ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ በመዳፉ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ያደርግና «ይኸኛው ይለሰልሳል» ብሎ አስጭኖ ይመለሳል። ምክንያቱም ጫማውን ሰው ያይለታል፤ ፍራሹን ግን ከገዛ ጀርባው በቀር የሚያውቅለት የለም።

ይህ ጉዳይ ጥቃቅን ነው፤ ለጋዜጣ አይበቃም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ጸሐፊ በማግስቱ የባለ ጉዳዩን ማመልከቻ ሁለት ጊዜ አንብቦ አንድ ጊዜ እንኳ አይገባውም። ወገቡን ይዞ ከመኝታው የተነሣ ተማሪ ከመምህሩ ትምህርት ይልቅ የወንበሩን መደገፊያ ያስባል። እንቅልፍ ያጣ ሹም በቀን ቍጡ ይሆናል፤ የቍጣውንም ዕዳ የሚከፍለው በደጁ ቆሞ የሚጠብቀው ምስኪን ነው። ስለዚህ የመኝታ ነገር የግል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ከሥራና ከትምህርት ጋራ የተያያዘ ነው።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት በተለይ ከፍራሽ በላይ ስለሚደረበው የላቴክስ ንጣፍ ነው። ይህ ንጣፍ ራሱን የቻለ ፍራሽ አይደለም፤ ውፍረቱ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ከፍራሹ በላይ፣ ከአንሶላው በታች የሚዘረጋ ነው። ለአነጋገር እንዲያጥር «ድርብ ንጣፍ» እንበለው። ሻጮች ስለዚህ ዕቃ ብዙ ይናገራሉ፤ ወገብ ይፈውሳል፣ ያረጀ ፍራሽ ያድሳል፣ እንቅልፍ ያመጣል ይላሉ። በበኩሌ ዐሳቤን በአጭሩ ልግለጥ። ድርብ ንጣፍ የሰውነትን ክብደት ያሰራጫል እንጂ የጐበጠውን አያቃናም፣ የጐደጐደውንም አይሞላም። ስለዚህ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ገዢው ራሱን ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። ከሥሩ ያለው ፍራሽ ደኅና ነውን? ከላዩስ የሚተኛው ማን ነው?

በአገራችን ስለ መኝታ ሁለት ዐይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው የአባቶች ነው። አባቶቻችን በመደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው፣ ወይም በጠፍር አልጋ ላይ ጀንዴ ዘርግተው እየተኙ ብርቱ ሰዎች ሆነው ኖረዋልና፣ ለስላሳ መኝታ ሰውን ሰነፍ ያደርጋል፣ ወገብንም ያጐብጣል ይላሉ። ሁለተኛው የወጣቶች አስተያየት ነው፤ የለሰለሰ ሁሉ የሠለጠነ ይመስላቸዋል። ገላን እንደ ጭቃ የሚውጥ ፍራሽ ባገኙ ጊዜ ከዚህ በላይ ምቾት የለም ይላሉ።

የአባቶችን አስተያየት ንቆ ማለፍ አይገባም። የጠፍር አልጋ ትልቅ ብልሃት ያለበት ዕቃ ነው። ጠፍሩ በደንብ በተወጠረ ጊዜ ሰውነትን ዙሪያውን ይሸከማል፤ በረገበ ጊዜም ባለቤቱ እንደ ገና ይወጥረዋል። የዛሬው ስፖንጅ ፍራሽ ግን አንድ ጊዜ መካከሉ ከጐደጐደ የሚወጥረው ሰው አይገኝም። ሆኖም መኝታ በጠነከረ መጠን ለወገብ ይበጃል የሚለው አባባል በምርመራ ሲታይ አልጸናም። ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት አለ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በስፔን አገር ኮቫክስ የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ የሚያማቸውን 313 ሰዎች በሁለት ከፍለው፣ ለእኩሌቶቹ ጠንካራ ፍራሽ፣ ለእኩሌቶቹ ደግሞ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ሰጥተው ለ90 ቀን ያህል ተከታተሏቸው። በመጨረሻ በመካከለኛው ላይ የተኙት ሰዎች በመኝታ ላይ ሳሉም ሆነ ከመኝታ ሲነሡ የሚሰማቸው ሕመም ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ እውነቱ በአባቶችና በልጆች መካከል ነው ማለት ነው። ከሥር የሚደግፍ፣ ከላይ ደግሞ ለአጥንት ጥቂት የሚሸሽ መኝታ ያስፈልጋል።

ለአጥንት መሸሽ ማለት ምን እንደ ሆነ ከእናቶቻችን ልንማር እንችላለን። እንስራ ሙሉ ውሃ በገመድ አዝላ ከወንዝ የምትመለስ ሴት ገመዱ እንዳይቈርጣት ከሥሩ ጨርቅ አጥፋ ታደርጋለች። ጨርቁ የውሃውን ክብደት አይቀንሰውም፤ እንስራውም ያው እንስራ ነው። የተለወጠው ክብደቱ የሚያርፍበት ስፋት ብቻ ነው። በጠባብ ቦታ ላይ ያረፈ ክብደት ይቈርጣል፤ በሰፊ ቦታ ላይ የተሰራጨ ግን ይቻላል። የድርብ ንጣፍ ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሰው በሳንቃ ላይ በጀርባው ቢጋደም ሳንቃውን የሚነካው ሁለንተናው ሳይሆን ጥቂት ቦታ ነው፤ ይኸውም የኋላ ራሱ፣ የትከሻው አጥንት፣ መቀመጫውና ተረከዙ ነው። በጐኑ ቢተኛ ደግሞ ክብደቱ በትከሻውና በዳሌው ላይ ይከማቻል። በእነዚህ ቦታዎች ቆዳው በአጥንትና በሳንቃ መካከል ተጨንቆ ስለሚውል ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ደምም እንደ ልቡ መመላለስ አይችልም። ላንዲስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1930 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት በጣት ጥፍር ሥር ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ፣ ደም በሚገባበት በኩል በአማካይ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆኖ አገኘው። ይህ ቍጥር ለሰው ሁሉና ለሰውነት ክፍል ሁሉ የተቈረጠ ወሰን ባይሆንም፣ የቆዳ ደም ሥሮች ጫና እጅግ እንደማይችሉ ያስረዳል። ጤነኛ ሰው ይህ ጫና በበዛበት ጊዜ ሳያውቀው በእንቅልፉ ይገላበጣል። ሌሊቱን እጅግ አብዝቶ የሚገላበጥና ሲነጋ ክንዱ ደንዝዞ የሚያገኘው ሰው እንግዲህ ትከሻው እየተጨነቀበት ሊሆን ስለሚችል መኝታውን ቢመረምር መልካም ነው።

ላቴክስ ለዚህ ሥራ ለምን ተመረጠ? ላቴክስ ከጎማ ዛፍ ቅርፊት የሚወጣ ወተት መሳይ ፈሳሽ ነው። የእኛ ቅንጭብ ሲሰበር ነጭ ፈሳሽ እንደሚያንጠባጥብ ሁሉ፣ የጎማ ዛፍም ቅርፊቱ በማለዳ በስለት ሲጫር ወተቱን በተንጠለጠለለት ጽዋ ውስጥ ያንጠባጥባል። ከዚህ ፈሳሽ ውስጥ ሢሶው ያህል ጎማ ሲሆን የቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። ዛፉ የተገኘው በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ዱር ነው። በ1876 ዓ.ም. ሄንሪ ዊክሃም የተባለ እንግሊዛዊ 70,000 የሚያህል ዘር ከብራዚል ወደ ለንደን ወሰደ፤ ከበቀሉትም ችግኞች ወደ እስያ ተላኩ። ዛሬ ከሁሉ የበለጠ የተፈጥሮ ጎማ የሚያመርቱት ታይላንድና ኢንዶኔዥያ ናቸው፤ ከአፍሪካ ደግሞ ኮት ዲቯር ትቀድማለች።

የዛፉ ወተት አረፋ ሆኖ መኝታ የሆነው ግን ዘግይቶ ነው። በ1929 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ፣ የደንሎፕ ጎማ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው መርፊ ወተቱን እንደ ዕንቍላል መትቶ አረፋ ካደረገው በኋላ በቅርጽ ውስጥ አፍስሶ አረጋው። አረፋው በሙቀት ከድኝ ጋራ ሲበስል እንደማይሰበርና ተጭኖ ሲለቀቅ ወዲያው እንደሚመለስ ሆነ። ይህ የአሠራር ዘዴ እስከ ዛሬ በኩባንያው ስም ደንሎፕ ይባላል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁለተኛው ዘዴ ታላላይ የሚባለው ነው። በዚህኛው አረፋው በተዘጋ ቅርጽ ውስጥ አየሩ ተመጥጦ ከተነፋ በኋላ በብርድ እንዲረጋ ይደረጋል፤ ከዚያም ይበስላል። ደንሎፕ ጠንከርና ከበድ ይላል፤ በሚረጋበትም ጊዜ ከባዱ ነገር ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ታችኛው ወገኑ ይጠነክራል። ታላላይ ቀለልና ለስለስ ይላል፤ ውስጡም ከላይ እስከ ታች ተመሳሳይ ነው። ለድርብ ንጣፍ ሁለቱም ይሆናሉ። በዘዴው ስም ብቻ ዋጋ መጨመር ግን አያስፈልግም፤ ዋናው የጥንካሬው ልክ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። የመጀመሪያው ተግባር ከሥር ያለውን ፍራሽ መመርመር ነው። አንድ ገመድ ወስዶ በፍራሹ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥሮ፣ መካከሉ ከገመዱ በስንት እንደ ራቀ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ጕድጓዱ ከ3 ወይም ከ4 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ድርብ ንጣፍ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ንጣፉ ተጣጣፊ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለውን ጕድጓድ ተከትሎ ይጐደጕዳል። ላዩ አዲስ ሆኖ ውስጡን ለቄስ የሚባለው እንዲህ ያለው መኝታ ነው። ከፍራሹም ሥር የአልጋው ርብራብ የተሰበረ ወይም ሽቦው የረገበ እንደ ሆነ መታየት አለበት። አንዳንድ ጊዜ ሕመሙን ያመጣው ፍራሹ ሳይሆን አንድ የተሰበረ ርብራብ ይሆንና፣ አናጢ በጥቂት ገንዘብ ይጠግነዋል።

ሁለተኛው የተኚው ጠባይ ነው። በጐኑ የሚተኛ ሰው ትከሻውና ዳሌው ጥቂት እንዲሰምጡለት ለስለስ ያለና ወፈር ያለ፣ ይኸውም 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ንጣፍ ይስማማዋል። በጀርባው ለሚተኛ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ መካከለኛ ይበቃዋል። በሆዱ የሚተኛ ሰው ግን ወገቡ ወደ ታች እንዳይጐብጥ ቀጠንና ጠንከር ያለውን ይምረጥ፤ አለዚያም ጭራሹን ይተወው። የሰውነትም ክብደት ይታሰባል። ቀጭኑን ሰው ጠንካራው ንጣፍ እንደ ሳንቃ ይሆንበታል፤ ከባዱ ሰው ደግሞ ለስላሳውን ጨፍልቆ ከሥር ያለውን ፍራሽ ይነካል። ስለዚህ ለወዳጁ የተስማማውን አይቶ ያንኑ የሚገዛ ሰው በሰው ጫማ እንደሚሄድ ነው።

ሦስተኛው የጥንካሬው ልክ ነው። ደኅና ፋብሪካ በዕቃው ላይ አንድ ቍጥር ይጽፋል። ይህ ቍጥር የሚገኘው 323 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነገር በናሙናው ላይ ተጭኖ፣ የውፍረቱን ሩብ ያህል እንዲሰምጥ ስንት ፓውንድ ኀይል እንደሚያስፈልግ በመለካት ነው። ቍጥሩ ከ20 በታች ከሆነ ለስላሳ፣ ከ20 እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ጠንካራ ነው ማለት ይቻላል። ፋብሪካዎች ሁሉ አንድ ዐይነት ቃል ስለማይጠቀሙ፣ «ለስላሳ» ከሚለው ቃል ይልቅ ቍጥሩን መጠየቅ ይሻላል። ሻጩ ቍጥሩን የማያውቀው ከሆነ ገዢው ራሱ ይመዝነው፤ በመዳፉ ሳይሆን በገላው። መዳፍ የአንድ ሰውን ትከሻ ክብደት አያውቅም። ጫማውን አውልቆ፣ እንደ ልማዱ በጐኑ ወይም በጀርባው ተጋድሞ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ይህን ለማድረግ ማፈር አያስፈልግም፤ የሚያሳፍረው ለብዙ ዓመት የሚተኙበትን ነገር በአንድ ደቂቃ መግዛት ነው።

አራተኛው ዕቃው በእውነት ላቴክስ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ሰው ሠራሽ ላቴክስም አለ፤ ሁለቱ የተደባለቁበትም አለ። ሰው ሠራሹ ክፉ ነው አልልም፤ ነገር ግን ዋጋው የተፈጥሮው ዋጋ መሆን የለበትም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ተራውን ስፖንጅ ላቴክስ ብሎ መሸጥ ነው። ለዚህ ሚዛን ጥሩ ምስክር ነው። 190 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነና 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የላቴክስ ንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል። በዚያው መጠን የተቈረጠ ተራ ስፖንጅ ግን 2 ኪሎ ያህል ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ ክብደትን ለመጨመር የድንጋይ ዱቄት የሚደባልቅ ፋብሪካም ስላለ፣ ልብሱን ከፍቶ ጠርዙን በጣት ማሸት ያስፈልጋል፤ እንደ ኖራ የሚፈረፈር ከሆነ መተው ነው። ላቴክስ ተጭኖ ሲለቀቅ ወዲያው ይመለሳል። የእጅን ምልክት ይዞ ቀስ ብሎ የሚመለሰው ሜሞሪ ፎም የተባለው ሌላ ነገር ነው። ሜሞሪ ፎም በብርድ ጊዜ ስለሚጠነክር በደጋ አገር ሌሊት መጀመሪያ ላይ እንደ ሳንቃ ይሆናል፤ በቈላ ደግሞ የገላን ሙቀት ይይዛል። ላቴክስ ለሙቀትና ለብርድ ይህን ያህል አይለዋወጥም፤ በውስጡ ያሉት ቀዳዳዎችም አየር ያሳልፋሉ። ይህ ደሴም ለሚኖር ድሬዳዋም ለሚኖር ሠራተኛ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

አምስተኛው አያያዙን ማወቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ መልካም ልማዳችን ይጎዳናል። እናቶቻችን ፍራሽ እንዳይሸት፣ ትኋንም እንዳያፈራ በቅዳሜ ቀን ከደጅ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ይህ ለጥጥ ፍራሽ እጅግ የተገባ ነው። ላቴክስ ግን ፀሐይ ጠላቱ ነው፤ ፀሐይ የመታው ላቴክስ ይቢሳል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይፈረፈራል። ስለዚህ በጥላ ሥር ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ፣ የሚታጠበውንም ልብሱን ብቻ ማጠብ ነው። በውሃ የተዘፈቀ ላቴክስ ውስጡ በቶሎ ስለማይደርቅ ይሻግታል፤ ራሱን ችሎ ሲነሣም ከክብደቱ የተነሣ ይቀደዳል። አዲስ በሆነ ጊዜ የሚሸተው የጎማ ሽታ ግን ነፋስ ባለበት ክፍል ጥቂት ቀን ቢቆይ ይቀንሳል። የላስቲክ ጓንት ወይም ፊኛ ሲነካ ገላው የሚያሳክከው፣ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሐኪም ሳያማክር የላቴክስ ንጣፍ አይግዛ።

በተማሪዎች ማደሪያ የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስቡ። በተደራራቢው አልጋ በላይኛው ላይ የሚተኛ ሰው 8 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ ሲጨምር የመከላከያው ብረት በዚያው ልክ ያጥርበታል። በእንቅልፉ የሚገላበጥ ተማሪ ለትከሻው ምቾት ሲል ራሱን እንዳይሰብር ቀጭኑን ይምረጥ፤ ወይም ከታችኛው አልጋ ጋራ ይለዋወጥ።

እስከዚህ ያነበበ ወጣት ሠራተኛ፣ «የቤት ኪራይ፣ የምግብና የመጓጓዣ ወጪ ከደመወዜ ምን አስተርፎልኝ ነው?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በፍራሽህ ልክ እግርህን ዘርጋ የሚለው የአበው ምክር ለዚህም ይሠራል። ደኅና ስፖንጅ ፍራሽ ያለው፣ በጀርባው የሚተኛ፣ ሲነጋም ምንም የማያመው ሰው ስለ ላቴክስ ማሰብ አያስፈልገውም፤ ጎረቤቱ ገዛ ብሎ ቢገዛ ሞኝነት ነው። ፍራሹ የጐደጐደበት ሰው መጀመሪያ ፍራሹን ይለውጥ። ፍራሹ ደኅና ሆኖ ጠንክሮበት በጐኑ መተኛት ያስቸገረው ሰው፣ ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ወፍራም ቡልኮ ወይም ብርድ ልብስ አጥፎ ከአንሶላው ሥር ቢያነጥፍ ጥቂት ይረዳዋል። በዚህም ለውጥ ካየ ድርብ ንጣፍ ሊጠቅመው እንደሚችል ምልክት አገኘ ማለት ነው። ምንም ለውጥ ካላየና ሕመሙ ከበረታ ግን መሄድ ያለበት ወደ ፍራሽ ሻጭ ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው።

ከሁሉ በላይ ላሳስብ የምፈልገው የመጨረሻውን ነው። ከላይ «የሚተኛው ማን ነው?» ብዬ ነበር። በብዙ ቤት ውስጥ ከመኝታ የማይነሣ ሰው አለ፤ ያረጁ አያት፣ ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸው አባት፣ እግሩ የተሰበረ ወንድም ይሆናል። እኛ ጤነኞቹ በሌሊት ስምንት ሰዓት እንተኛለን፤ ጫናም ሲበዛብን እንገላበጣለን። እነርሱ ግን ሃያ አራቱንም ሰዓት በአንድ ጐን ይውላሉ፤ መገላበጥም አይችሉም። በመቀመጫቸው፣ በዳሌያቸውና በተረከዛቸው ላይ ደም ሲቋረጥ ቆዳው ይሞትና የአልጋ ቁስል ይወጣል። ይህ ቁስል እስከ አጥንት ሊዘልቅ፣ መርዞም ሊገድል ይችላል። ብዙ ጊዜ ቤተ ሰብ የሚያየው ቁስሉ ከተከፈተ በኋላ ነው። በመጽሐፍ «ቆዳው ይቀላል» ተብሎ ቢጻፍም በጥቍር ገላ ላይ መቅላቱ አይታይም። ስለዚህ አስታማሚው በየቀኑ እነዚህን ቦታዎች በእጁ ይዳስስ፤ ከሌላው ገላ ይልቅ የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም መልኩ የጠቈረ ቦታ ካገኘ ማስጠንቀቂያ ነውና ሐኪም ወይም ነርስ ያሳይ።

እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ጫናን የሚያሰራጭ መኝታ እንደሚያስፈልገው የሕክምና ሊቃውንት ይስማሙበታል። ሆኖም ማንኛውም ንጣፍ የአስታማሚን እጅ አይተካም። ሕመምተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ያህል ማገላበጥ የቆየ የሐኪም ቤት ልማድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚስማማውን ሰዓት ግን ሐኪሙ ይወስናል። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ ማድረግ፣ ገላውን ከእርጥበት መጠበቅ፣ አንሶላውን ሳይጨማደድ መወጠር ያስፈልጋል። መካከሉ ክፍት የሆነውን ክብ ትራስ ግን የዛሬ ሊቃውንት አይመክሩትም፤ ዙሪያውን እየተጫነ ደሙን ያግዳልና።

እንግዲህ አንድ የላቴክስ ንጣፍ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ያጠራቀመ ወጣት፣ በቤቱ ከመኝታ የማይነሣ ሰው ካለ፣ ከሁሉ በፊት ሐኪም ጠይቆ ያንን ገንዘብ ለእርሱ መኝታ ቢያውለው የተሻለ ፍርድ ፈረደ እላለሁ። ንጣፉ ለወጣቱ ምቾት ነው፤ ለሕመምተኛው ግን ቆዳውን መጠበቂያ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቤቱ ከሌለና ራሱ በእውነት ከተቸገረ ደግሞ፣ ፍራሹን በገመድ ለክቶ፣ ክብደቱንና አተኛኘቱን አውቆ፣ ቍጥሩን ጠይቆ፣ ንጣፉን በሚዛን አስመዝኖ፣ አሥር ደቂቃ ተጋድሞበት ይግዛ። ወደ ቤቱም ባስገባ ጊዜ ፀሐይ ከማይመታው ቦታ ያንጥፈው።